ኪሎ ሜትሩን ተዉት፤ ወንዙን ቁጠሩ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሻይ ቤት ሁለት ወጣቶች የደብተር ገጽ ላይ የጻፉትን የቦታ ዝርዝር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከአዲስ አበባ የገቡት ትናንት ማታ ነው፤ ያላቸው ጊዜ አምስት ቀን። ዝርዝሩ ላይ ግሸን ማርያም አለች፣ መቅደላ አለ፣ ተድባበ ማርያም፣ ወረ ኢሉ፣ አቀስታ፣ መካነ ሰላም፣ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ ከዚያም አባይን ተሻግሮ መርጡለ ማርያም። በእያንዳንዱ ስም ጎን ኪሎ ሜትሩ ተጽፏል። ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት፣ በዚህ መስመር ሲነዱ ጸጉራቸው የሸበተ ሾፌር፣ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልጆቼ፣ ይሄን ኪሎ ሜትር ማን ነገራችሁ?»

«ስልክ ላይ ነው ያየነው ጋሼ።»

«ስልኩ ወንዙን ነግሯችኋል?»

ልጆቹ ተያዩ። ሾፌሩ ብርጭቆውን ወደ ጎን አድርገው ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣቶቻቸውን ከፍተው አኖሩት። በቀኛቸው እያመለከቱ በጣቶቹ መካከል ያሉትን ክፍተቶች ስም አወጡላቸው፤ «ይቺ በሽሎ ናት፣ ይቺ ወለቃ፣ ይቺ ጃማ። ሁሉም የሚወርዱት ወደ አባይ ነው። በአንዱ ጣት ላይ ከሄዳችሁ አብሽሩ፣ መንገዱ ደጋ ለደጋ ነው። ካንዱ ጣት ወደ ሌላው ካላችሁ ግን ቆላ ወርዶ ደጋ መውጣት ነው፤ ቀናችሁ እዚያው ያልቃል።» ከዚያ እስክሪብቶ ተቀበሉና ግሸንንና መቅደላን ሰረዙ። ተድባበ ማርያም ላይ ሲደርሱ ትንሽ አሰቡና እሷንም ሰረዙ። ወረ ኢሉ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አደረጉ። ልጆቹ ፊታቸው ወደቀ።

እኔ ይህን ስረዛ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ አጭር ጉዞ የሚያቅድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የትኛውን ቦታ እንደሚተው ነው፤ የሚተወውንም የሚወስንለት ወንዝ ነው።

ነገሩ የመሬቱ አፈጣጠር ነው። ይህ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ እየፈላ የወጣ ቅልጥ ዓለት በላይ በላዩ ተነባብሮ የሠራው ሰፊ ሜዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሽሎ፣ ወለቃና ጃማ ወደ አባይ እየወረዱ ሸርሽረውታል፤ በአንዳንድ ቦታ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። በሁለት ወንዞች መካከል የቀረው ደጋ እንደ መንገድ ሆኖ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ለዚህ ነው ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው 180 ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ፣ ሩቅ ቢመስልም፣ ከአንድ ሸለቆ ማዶ ያለን ቅርብ ቦታ ከመጎብኘት የሚቀልለው። ከመካነ ሰላም በስተሰሜን በሽሎ፣ በስተደቡብ ወለቃ አለ፤ ከተማዋ ያለችው በመካከላቸው ባለው ደጋ ጫፍ፣ አባይ አፋፍ ላይ ነው።

መቅደላ ከዝርዝሩ መሰረዙ ልጆቹን እንዳሳዘነ አይቻለሁ። ማንንስ አያሳዝንም? ነገር ግን ወንዝ በዕቅድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከመቅደላ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ሰባት ቶን ግድም የሚመዝን መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሱት በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ነው። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። እነዚያ ወራት ያለቁት ገደል ሲናድ፣ መንገድ ሲጠረግ፣ መድፉ በሰው ጉልበት ሸለቆ ሲወርድና አቀበት ሲጎተት ነው። ከኋላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ራሱ ቴዎድሮስ ባስጠረጉት መንገድ ተጠቅሞ በሽሎን ወረደ፤ ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ውጊያው ሆነ፣ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አምባው ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። መድፉ ዛሬም እዚያው አለ። እሱን ለማየት በኩታበር በኩል ወደ ተንታ መዝለቅ፣ ከዚያም አምባውን በእግር ወይም በበቅሎ መውጣት ያስፈልጋል። ይህ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። መቅደላን ለግማሽ ቀን ብቻ ሄዶ ፎቶ አንስቶ መመለስ ቦታውን ማሳነስ ይመስለኛል።

ግሸንም እንደዚሁ። መስቀል ቅርጽ ያላትን አምባ ለመሳለም መስከረም 21 ቀን ከመላ አገሪቱ ምእመናን ይጎርፋሉ። በዚያ ሰሞን ደሴ ላይ አልጋ ማግኘት ይከብዳል፤ መናኸሪያውም ተሽከርካሪውም ፊቱን ወደ ግሸን ያዞራል። ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ሰው ያንን ሳምንት አሳልፎ ቢነሳ ይሻለዋል።

ለመሆኑ መቼ ይሄዳል? ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ክረምቱ ከባድ ነው፤ ደጋው በጉም ይሸፈናል፣ ቁልቁለቱ ላይ ናዳ አለ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የሚመረጥ ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ሜዳው ገና አልደረቀም። የጾም ቀን መቁጠሪያንም አብሮ ማየት ይጠቅማል። በወሎ ከተሞች ምግብ ቤቱ የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም በር ላይ ባለው ምልክት ይታወቃል፤ ሥጋ የሚበላው እንደየሃይማኖቱ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዓቢይ ጾምም፣ በአንደኛው ቤት ሽሮና በያይነቱ ብቻ ይገኛል፤ በረመዳን ደግሞ ሌላው ቤት ቀን ዝግ ነው። ይህን ያላሰበ መንገደኛ እኩለ ቀን ላይ ከበር ወደ በር ይንከራተታል። ቡና ግን በሁለቱም ቤት አይጠፋም፤ «ቡና ጀባ!» የማይባልበት ግቢ በወሎ አላውቅም።

ጉዞው የሚጀምረው ሌሊት ነው። ከደሴ መናኸሪያ ረዳቶቹ «አቀስታ! አቀስታ! መካነ ሰላም!» እያሉ መጣራት የሚጀምሩት ጦሳ ተራራ ገና በጨለማ ሳለ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው መኪና ላያጣ ይችላል፤ የሚያጣው ቀኑን ነው፤ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ወይም ኬላ ላይ ፍተሻ ቢረዝም ማረፊያው ያላሰበበት ቦታ ይሆናል። ሻንጣ ጣሪያ ላይ ሲጫን ጋቢውንና ስንቁን እጁ ላይ ያስቀረ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሱን ያመሰግናል።

ምክንያቱ ጉጉፍቱ ነው። ከደሴ ወጥቶ አቀበቱን የጨረሰ መኪና በድንገት ዛፍ የሌለበት፣ ነፋስ ብቻ የሚመላለስበት ሜዳ ላይ ይወጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር አልፏል። በመስኮት ሲታይ ባና የተከናነቡ እረኞች ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆመዋል፤ በጎቹ አንገታቸውን ደፍተው አጭሩን ሳር ይግጣሉ። ገበሬው እዚህ የሚኖረው በገብስ ነው፤ ገብሱም በአብዛኛው የበልግ ነው። የበልግ ዝናብ ከቀረ፣ ወይም ውርጭ ከመታው፣ ዓመቱ ይጠፋል። በዝናብ መቅረት ወሎ ምን እንዳየ ለአገሬው ሰው መንገር አያስፈልግም። መኪናው ሲቆም የሚሸጠውን የገብስ ቆሎ መግዛት ከመክሰስ በላይ ነው፤ መንገደኛው ለዚያ ሜዳ ከሚያደርጋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነውና ሳንቲም አይሰስት።

የደቡብ አሜሪካን ከተሞች በአንድ ሳምንት ለማዳረስ የሚያቅዱ ሰዎች የሚጨነቁበትን ጉዳይ ስሰማ ሁሌ የሚታየኝ ጉጉፍቱ ነው። ፔሩ የሄደ ሰው ከባሕር ዳርቻዋ ሊማ ተነስቶ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ኩስኮ ሲወጣ የመጀመሪያው ምክር «አንድ ቀን ዕረፍ» የሚል ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ራስ ያዞራል። ዝነኛው ማቹ ፒቹ ራሱ 2,430 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ደሴም መካነ ሰላምም ከእሱ ከፍ ይላሉ። ለአዲስ አበባ ልጅ አየሩ ያን ያህል አያስቸግርም። ከጠረፍ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ግን ደሴ ላይ አንድ ቀን ቢያርፍ፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ ቢያይ፣ ጉጉፍቱን ሲያቋርጥ ልቡ አትደክምም። በፔሩ የሚሠራው ሕግ ወሎም ላይ ይሠራል፤ የተራራ አገር ጉዞ የሚለካው በመውጣትና በመውረድ ነው።

ጉጉፍቱ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንደኛው ወደ ካቤና ወደ ወረ ኢሉ ይወርዳል፤ ሌላው ወደ አቀስታ፣ የለጋምቦ ከተማ፣ ይዘልቃል። አቀስታ የምሳ ከተማ ናት። እግር የሚፍታታባት፣ ከመኪናው የወረደ ሰው ስለቀጣዩ መንገድ ከሌላ ሾፌር ወሬ የሚለቅምባት። በዚሁ የተራራ ሰንሰለት የደቡብ ወሎ ከፍተኛው ተራራ አምባ ፈሪት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። እሱን መውጣት የሚፈልግ ሰው አምስት ቀን አይበቃውም።

መካነ ሰላም ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደር አለበት ባይ ነኝ። የቦረና ወረዳ ከተማ ናት፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢም እዚሁ ነው። የተማሪ መግቢያና የምረቃ ሰሞን አልጋ ቤቶቹ በወላጅና በእንግዳ ይሞላሉ፤ ስልክ ደውሎ አልጋ መያዝ ይሻላል። ባንክም ቴሌብርም አለ፤ ይሁን እንጂ መብራትና ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን ስለማይታወቅ ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ ዝርዝር ብር፣ መያዝ ግድ ነው። ብዙዎች እዚህ አንድ ሌሊት አድረው ሲነጋ ያልፋሉ። ያኔ የሚያመልጣቸው ደንቆሮ ነው።

ደንቆሮ ጫካ ከከተማዋ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአካባቢው ሰው ደኑ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ እንደኖረ ይናገራል፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ እምብርት ነው። ታች ጥዱና ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶው፣ ከዚያ አስታው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ጅብራው። ከታች ወደ ላይ በአንድ ቀን የሚወጣ ሰው ብዙ የአየር ጠባይ ያልፋል። የምኒልክ ድኩላ ከጥሻው ብቅ ይልና ይጠፋል።

ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎቹ አሉ። ቀረብ ብሎ፣ ሳያስበረግጉ፣ መቀመጥ ነው። ጭላዳ ሲግጥ ቁጭ ብሎ ነው፤ ሳሩን በጣቶቹ ነጭቶ፣ እፍኙ እስኪሞላ መዳፉ ውስጥ አጠራቅሞ ወደ አፉ ያደርሰዋል፤ ፊቱ ያለው ሲያልቅ ሳይነሳ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ጥቂት ይራመዳል። በሙሉ መንጋው ውስጥ የሚሰማው የሚነጨው ሳር ድምፅ ነው። ወንዱ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ገላ ከሩቅ ይታያል። ከዝንጀሮ ወገን ሳር በመጋጥ የሚኖር ሌላ ዘር በዓለም ላይ አልቀረም። ሲመሽ ሁሉም ገደሉን ወርደው እዚያ ያድራሉ፤ ስለዚህ ጭላዳ ማየት የሚፈልግ ከእንቅልፉ ቀድሞ ይነሳ፣ ወይም ወደ ማታ ይቆይ።

ቀይ ቀበሮ ማየት ግን ዕድል ይጠይቃል። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት አምስት መቶ ግድም ናቸው፤ በሌላ አገር አንድም የለም። ደንቆሮ በጣት ከሚቆጠሩ የመጨረሻ መጠለያዎቻቸው አንዱ ነው። አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ ሳይነቃነቅ የሚጠብቅ ቀይ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ውሻ ይዞ መግባት ክልክል መሆን አለበት ብዬ ስል ምክንያት አለኝ፤ ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን በሌሎች ተራሮቻችን ላይ መንጋ በመንጋ ጨርሷል። ሌላው አደጋ የማገዶውና የእርሻው መግፋት ነው። ተጓዡ የሚከፍለው የመግቢያ፣ ለአስጎብኚውና ለበቅሎው የሚሰጠው ብር አካባቢው ደኑን እንዲጠብቅ አንድ ምክንያት ይሆነዋል። አምስት ቀን ካላችሁ ለፓርኩ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ሾፌሩ ከተድባበ ማርያምና ከፓርኩ አንዱን ምረጡ ማለታቸው ነበር። ተድባበ ማርያም ከዘመነ ኦሪት ጀምራ የነበረች እንደሆነች በትውፊት የሚነገርላት፣ ዐፄ ገላውዴዎስ ያከበሯት ትልቅ ደብር ናት፤ ግን እሷን ማየት ከመስመሩ ወጥቶ ወደ አማራ ሳይንት፣ ወደ አጅባር በኩል፣ መግባትን ይጠይቃል። የታሪክ ጥማት ያለው ሰው አይዘን፤ በመስመሩ ላይ የሚያስከፋው አይደለም። ይህ ደጋ የጥንቱ ቤተ አማራ ነው። የዘርዓ ያዕቆብ ልጅ ዐፄ በእደ ማርያም በ15ኛው መቶ ዓመት አትሮንሰ ማርያምን ያሠሩት በዚሁ አገር ነው። ቬኒሳዊው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዎን እዚያ ማርያምን ሲስል ሕፃኑን በግራ ክንዷ አሳቀፋት፤ በአገራችን ግራ የሚናቅ ወገን ነውና ሕዝቡ ተቆጣ፣ ንጉሡ ግን ሥዕሉን አላስነሡትም። ቤተ ክርስቲያኑን በ1531 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ሠራዊት አቃጠለው።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን መናገር ግድ ነው። በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የእነዚህ መንገዶች ነገር በሳምንትና በቀን የሚለዋወጥ ሆኗል። ዛሬ ክፍት የሆነው ነገ ይዘጋል። በዚህ ሁኔታ ለመዝናናት መሄድ ተገቢ ነው ወይ ለሚለኝ ሰው ሰላም ሲሰፍን ሂድ እለዋለሁ፤ ለቤተሰብ ወይም ለሥራ ግድ ሆኖበት የሚሄድ ደግሞ ብዙ ነው። ለሁለቱም ምክሩ አንድ ነው። ወሬ የሚጠየቀው ከመናኸሪያ ነው፤ ትናንት ከመካነ ሰላም የገባው ሾፌር ከማንም የተሻለ ያውቃል። መታወቂያ በእጅ፣ ጉዞ በቀን፣ ማረፊያ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት። ከአምስቱ ቀን አንዱ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ቀን ይሁን። ሾፌሩ ወረ ኢሉ አጠገብ ያደረጉት የጥያቄ ምልክት ትርጉሙ ይህ ነበር፤ ወደ አባይ የሚወርደው መንገድ የማይሆን ከሆነ በዚያው ደጋ ወደ ጉጉፍቱ ተመልሶ ወደ ወረ ኢሉ ማጠፍ ይቻላል። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ክተት ሲያውጁ የሸዋን ሠራዊት በጥቅምት እኩሌታ የቀጠሩት እዚያ ነው። ተለዋጭ ቢሆንም የሚያስቆጭ አይደለም።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ግን በመጣንበት መመለስ የለም። በዕቅዱ ውስጥ አንድ ወንዝ ብቻ መሻገር የተፈቀደው ለዚህ ነው፤ አባይን። ከመካነ ሰላም ወዲያ መንገዱ መውረድ ይጀምራል። ጋቢው ይወልቃል፣ ከዚያ ሹራቡ፣ መስኮቱ ይከፈታል። ገብሱ ቀርቶ ማሽላ ይመጣል፣ ጥዱ ቀርቶ ግራር። ጠዋት ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው እኩለ ቀን ላይ ላቡን ይጠርጋል። ድልድይ ሳይኖር እዚህ የነበረ ሰው በክረምት ማዶ ያለውን ዘመዱን በዓይኑ እያየ ወራት ይጠብቅ ነበር፤ በበጋ የዋናተኞች እጅና የተነፋ አቁማዳ ተስፋው ነበር። በፔሩ ተራሮች አፑሪማክ በተባለው ወንዝ ላይ ኬስዋቻካ የሚባል ከሳር የተገመደ ድልድይ አለ፤ ማዶ ለማዶ ያሉ መንደሮች በየዓመቱ ሰኔ አካባቢ ተሰብስበው አሮጌውን ቆርጠው አዲስ ይገምዳሉ፣ ዩኔስኮም በ2013 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦታል። ሸለቆ የለያቸው ሰዎች ለመገናኘት የሚከፍሉት ዋጋ የትም አገር ከባድ ነው። ቦረናንና ጎጃምን ያገናኘው ድልድይ ላይ መኪናው ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንስ፤ ውሃውን ማየት ይገባል።

ማዶ አቀበቱን የጨረሰ መርጡለ ማርያም ይገባል። ትውፊቱ መሠረቷን ለአብርሃና አጽብሐ ይሰጣል፤ ዛሬ በግቢው ውስጥ በፍርስራሽ የሚታየውን በጥርብ ድንጋይ ያጌጠ ሕንፃ ግን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። የሐድያ ንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ በዘርዓ ያዕቆብና በበእደ ማርያም ቤተ መንግሥት ኖረው፣ ዕድሜ ሲገፋቸው ለልብነ ድንግል አገር ጠበቁ። ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እሳቸው ናቸው። ለዚያ መልስ የመጡት ፖርቱጋሎች፣ ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከእነሱ ጋር፣ በ1520 እ.ኤ.አ. ገብተው ቤተ አማራን አቋርጠው አለፉ። ደሴ ላይ የተጀመረ የአምስት ቀን ጉዞ የዘርዓ ያዕቆብን ደን፣ የበእደ ማርያምን አገርና የእሌኒን ሕንፃ በአንድ መስመር ያገናኛል፤ ስምንት ቦታ ለማዳረስ የሮጠ ሰው ይህን ክር አያገኘውም።

ከመርጡለ ማርያም ቀጥሎ ጉንደወይን አለች፤ መንገዱ እዚያ ሁለት ይሆናል። ባሕር ዳር የሚፈልግ በሞጣ፣ አዲስ አበባ የሚመለስ በቢቸናና በደጀን። ሁለተኛውን የመረጠ ደጀን ላይ አባይን እንደገና ይሻገራል፤ ያንን ወንዝ በሒሳቡ ውስጥ አስገብቶ በጠዋት ይነሳ።